ባለቤቴ አልጠፋችም

ይድረስ ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣
ድሬዳዋ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ቬንትሌተር ይህን የሰኔ ሙቀት እንዴት እየቻላችሁት ነው? እኔ ከጉልበቴ፣ ከዓይኔና ከብቸኝነቴ በቀር ደህና ነኝ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው «አንቱ» ማለት እንደማይሆንለት ያውቃሉ፤ በእኛ ከተማ ሽማግሌውም ሹሙም «አንተ» ነው። ስለ ክብርዎ ስል ግን ይህን ደብዳቤ እስከ ፊርማዬ ድረስ «እርስዎ» እያልኩ ልጽፍ ቆርጫለሁ።

ስሜ ኃይለመለኮት ይባላል፤ የከዚራ ነዋሪ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ከየኔነሽ ጋር ኤች አይ ቪ በደማችን ውስጥ እንዳለ ያወቅነው የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። መድኃኒቱንም አብረን ጀመርን። እሷ አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም፤ እኔ ስረሳ ክኒኑን በመዳፏ ይዛ እስከ ደጅ የምትከተለኝ እሷ ነበረች።

ባለፈው ሳምንት ኪንሲ የምትባል ትሁት ሠራተኛችሁ በሬን አንኳኩታ፣ የኔነሽ ቀጠሮ በማሳለፏ «ጠፊዎች» ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ መግባቷን ነገረችኝና መድኃኒቷን ለምን እንዳቋረጠች ጠየቀችኝ። አልተቆጣኋትም፤ እሷ የያዘችው የተሰጣትን ወረቀት ነው። ባለቤቴን ለመፈለግ ስለደከማችሁ እያመሰገንኩ፣ የት እንደጠፋች እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

አንደኛ፣ የኔነሽ የስድሳ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ከገና ጀምሮ ራሷን ያዞራት፣ ማጅራቷንም ጨምድዶ ይይዛት ነበር። መድኃኒታችንን በምንወስድበት ሰባት ቁጥር ክፍል ይህንኑ ስትናገር፣ ቫይረሱ በምርመራ እንደማይታይ ተነግሯት «እንኳን ደስ አለሽ» ተባለች፤ ማዞሩ ግን የእርጅና ስለሆነ ሌላው በሽተኛ ሁሉ ወደሚታይበት ወደ ሁለት ቁጥር ክፍል ተላከች። ሁለት ቁጥር ደግሞ ካርዷን ገልጦ የመድኃኒቱ ጠባይ ይሆናል ብሎ ወደ ሰባት መለሳት። በሁለቱ በሮች መካከል ያለውን ግቢ በሦስት ወር ስድስት ጊዜ አቋርጣለች። ለአሮጊት የእግር ጉዞ እንደሚበጃት ስላሰባችሁላት ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለት ቁጥር ደጃፍ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ እየሰማ «የሰባት ቁጥሯ ሴትዮ» ተብላ ትጠራ ነበር። ከወረፋው መካከል ሰባት ቁጥር የምን መድኃኒት እንደሚሰጥበት የሚያውቁ የዕድራችን ሰዎችም ነበሩ። በመጨረሻው ቀን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጥቂት ከቆመች በኋላ ተራዋ ሳይደርስ ወደ ቤት ተመለሰች።

ሦስተኛ፣ በእነዚያ ሁሉ ምልልሶች የደም ግፊቷን የለካ አንድም ሰው አልነበረም። ይህችን መስመር ደግመው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ግፊቷ ለወራት ከፍ ብሎ እንደኖረ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ራሴ «እርጅና ነው፣ ያልፋል» ብያት ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላላክክም።

አራተኛውን ለወዳጄ ለሲያድ እተወዋለሁ። ሲያድ ወደ ዋሂል ገጠር ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር፣ እንደኛው የሰባት ቁጥር ሰው ነው። አምና አንድ ጆንያ ስኳር ሲያነሳ ክንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ አጥንቱ ለምን እንደሳሳ የነገረው የለም። ለቅሶ ሊደርሰኝ መጥቶ «ወሪያ ኃይሌ፣ ከሞት አወጡን፤ እናረጃለን ብሎ ያሰበ ግን የለም» አለኝ። ከሞት ማውጣታችሁ እውነት ነው፤ ለዚህ ያለ ሽሙጥ እግዜር ይስጣችሁ። ሳንሞት ቆይተን በማርጀታችን ላደረስንባችሁ መጉላላት ደግሞ ይቅርታ እንጠይቃለን። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ በምርመራ የማይታየው ቫይረሱ ብቻ መስሎን ነበር።

የምለምንዎ ነገር ትንሽ ነው። ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይቀመጥ፤ ዕድሜው የገፋ ሁሉ ክኒኑን ከመቀበሉ በፊት እዚያው ይለካ፤ ወደ ሌላ በር አይላክ። ሲያድንም ሰሞኑን ማጅራቱን ይይዘው ጀምሯል። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው። እሱንም ቀብሬ ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ አልፈልግም።

ለክብርዎ ከወገቤ ዝቅ ለማለት ጉልበቴ ያልፈቀደልኝ፣
በመዝገብዎ መሠረት እስካሁን ያልጠፋሁት፣
ኃይለመለኮት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ማስታወሻ፦ ፊርማዬን ስላለፍኩ ወደ ድሬ አነጋገሬ ልመለስ። አቦ ስማኝ፣ ወንድሜ። የኔነሽ ከመቃብሩ በር ስትገባ በግራ በኩል ናት፤ እኔ በየእሑዱ አገኛታለሁ። ዝርዝርህን ይዘህ ናና ስሟን በገዛ እጅህ ሰርዝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቀጠሮዋ ቀርታ አታውቅም፤ የጠፋኸው አንተ ነህ።