በክርስትና ስሜ የጻፍኩት ጉድ

ውድ እታለም አምሳል፣

እንዴት ከረማችሁ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የእናታችን ጉልበትስ? የመካነ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከአንዲት ጭንቀት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ሳትስቂ ስሚኝ፤ የሚያሳፍር ነገር ነው። መምህር ምናለ ክፍላችንን ሁሉ ብሎግ ጻፉ ብሎናል፤ የልብን ጨዋታ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ ላገኘው ሁሉ ማስነበብ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ እስከዳር አፏ እንደ ወፍጮ የማያርፍ ናትና፣ እሷ ትደምቅበታለች ስንል ‹‹የሚስቅልኝ ፊት ካላየሁማ ለግድግዳ ላውራ እንዴ?›› ብላ ሁለት መስመር ጽፋ አኮረፈች። ስሜ ሲጠራ ‹‹አቤት›› ማለት የሚያንቀኝ እኔ ደግሞ፣ ማንም ሳያየኝ ስጽፍ ክንፍ አወጣሁ። መምህራችን እንኳ ‹‹አንቺ ልጅ፣ ለካ አፍሽ ጣትሽ ላይ ኖሯል!›› አለኝ።

ጣጣው ወዲህ ነው። እንዳልታወቅ ብዬ በክርስትና ስሜ፣ ወለተሩፋኤል እያልኩ ነበር የምጽፈው። ባለፈው ስለ ንስሐ አባታችን ስለ አባ ኃይለ ማርያም ጻፍኩ፤ ስማቸውን ሳልጠራ፣ እናታችን ትልቁን ዋንጫ እስክታወጣ የጠላውን ቡራኬ እንደሚያረዝሙት። ስንቱ ሳቀ መሰለሽ! እዚሁ ከእኛ ጋር የሚማረው የወንድማቸው ልጅ ዲያቆን መዝሙርም ሳቀና፣ ማን እንደጻፈው፣ ስለ ማንም እንደሆነ ሳያውቅ፣ ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ ላስቃቸው ብሎ አነበበላቸው። የጸሐፊዋን ስም ሲሰሙ ወዲያው አወቁኝ። እንዴት አያውቁኝ! ስሙን ያወጡልኝ እሳቸው አይደሉ?

‹‹ወለተሩፋኤል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትጠብቀኝ። ጽሑፍ አልፈልግም፤ በአፏ ትንገረኝ›› ብለው በዚያው በመዝሙር ላኩብኝ። ለጉዳይ ጎንደር ይመጣሉ አሉ። ይቆጡ፣ ይሳቁ፣ መዝሙር እንኳ አላወቀም። ተቀይመው ቤታችንን ቢተዉትስ? እናታችን በዚህ ዕድሜዋ የማን የንስሐ ልጅ ትሁን? ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ፤ ከሰው ጆሮ ግን አይጠፋ። ብሎጉንም ተይ ይሉኝ እንደሆነ ፈርቻለሁ፤ ሳልፈራ የምናገረው እዚያ ብቻ ነው። ብጽፍላቸውማ ይቅርታዬ ልብ ያራራ ነበር። ፊታቸው ቆሜ ግን ‹‹አባቴ ይፍቱኝ›› የምትለዋ እንኳ ከጉሮሮዬ መውጣቷን እንጃ።

ለባልሽ ለአያ ነጋ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ትንሿን ሚስጥርን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለእናታችን ከዚህ ደብዳቤ ሰላምታውን ብቻ አንብቢላት። እሑድ ቃል ከወጣኝም፣ እንደ ግንድ ተገትሬ ከቀረሁም፣ ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ። እስከዚያው በጸሎትሽ አስቢኝ፤ በየትኛው ስሜ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ታናሽሽ ማርያማዊት
ጎንደር፣ የካቲት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.