ቦይለሩን ስላጠፋሁበት ቀን

ለተከበሩ የመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የቦርድ ሰብሳቢ፣

ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤና እየተመኘሁ፣ እኔም ያለ አንዳች ቃጠሎ በሕይወት መኖሬን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። እኔ ከአምስት ተሿሚ ሥራ አስኪያጆች በፊት ጀምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፋብሪካውን ቦይለር የጠበቅሁ ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴ ከቦይለር ክፍሉ ግድግዳ ወዲያ፣ ማቅለሚያ ክፍል ትሠራለች። ቅሬታዬን እንዳይሰለቹ በቁጥር አቅርቤዋለሁ፦

፩ኛ. እንፋሎት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ዝጎ ከተጣበቀ ስምንት ወር ሆነው። ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፤ ሦስት ጊዜም ቦርዱ ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ግዥው እንዳልጸደቀ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ተገለጸልኝ። ስለ ማኅተሙ ውበት አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ክቡርነትዎ እንግዶች ይዘው የመጡ ዕለት የግፊት መለኪያው ቀዩን መስመር አለፈ። ወዲያው ለሥራ አስኪያጁ ደወልሁ። በቅርቡ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት ተዛውረው የመጡ ናቸውና አልፈርድባቸውም፤ «እንግዶቹ እስኪወጡ ያዘው» አሉኝ፣ ኳስ ይመስል። ነዳጁን ዘጋሁት። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ፤ ማሽኖቹ በእንግዶቹ ፊት ቀጥ አሉ፤ ክቡርነትዎም በንግግርዎ መሐል በጸጥታው ደነገጡ። ማቅለሚያው ውስጥ ሠላሳ አራት ሴቶች ነበሩ። ባለቤቴ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ እንደሆነ በሩ ላይ መጥታ ፊቴን አየችና «ሊፈነዳ ምን ያህል ቀርቶት ነበር?» አለችኝ። ዋሸኋት።

፫ኛ. በሳምንቱ «የተቋሙን ገጽታ በማበላሸት» ታገድሁ። አጣሪ ኮሚቴው ክፍሉ ስለሚሞቅ ከደጅ ቆሞ ማጣራቱን አደንቃለሁ። በእኔ ምትክ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተመድቧል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ መለኪያው እንዴት እንደሚነበብ በስልክ ይጠይቀኛል። ቦይለሩ ትናንት ተለኮሰ። ቫልቩ ያው ነው። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን እንድትቀር ለመንኋት፤ «ሠላሳ ሦስቱን ትቼ?» ብላኝ ወጣች።

ስለዚህ ወደ ሥራዬ መልሱኝ አልልም። እሳቱ ይጥፋ፣ ቫልቩ ይቀየር፤ ከዚያ እኔን ማባረር ቀላል ነው።

ማሽኖቹ ስለቆሙ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ሴቶቹ በእግራቸው ቤታቸው ስለገቡ ግን የማይጠይቅ፣
የታገደው ቦይለር ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ቦርዱ ቀጣዩን ስብሰባ ማቅለሚያ ክፍል እንዲያደርገው በአክብሮት እጋብዛለሁ፤ ለክቡርነትዎና ለሥራ አስኪያጁ ከግድግዳው ጥግ ወንበር ይዘጋጃል። ውሳኔው በአንድ ድምፅ እንደሚያልፍ አልጠራጠርም፤ የእናንተ ድምፅ ካልቀደመ የቦይለሩ ይቀድማል።