ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ወዳጄ ጎበዜ ዛሬም ሸሸኝ። ሲቀላ ሰፈር ታክሲ መያዣው ጋ በዓይኔ በብረቱ አየሁት፤ እሱም አይቶኛል። ሰላም ልለው እጄን ሳነሳ ዘው ብሎ ፋርማሲ ገባ። ጎበዜ እኮ መድኃኒት የሚባል ነገር አይወድም፤ ጉንፋን ሲይዘው ነጭ ሽንኩርት ነው የሚያኝከው። ቆሜ ጠበቅኩት። አልወጣም።

የሸሸው እኔን አይደለም፣ ቦርሳዬን ነው። ውስጡ የጻፍኩት መጽሐፍ ሦስት ቅጂ አለ። ምናልባት አንድ ሰው ቢፈልግ እያልኩ ሦስቱንም ይዤ እወጣለሁ፣ ሦስቱንም ይዤ እገባለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያበላሸሁት በሰኔው የእድር ስብሰባ ላይ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ስም ጠርቼ ስጨርስ የአጫጭር ልቦለድ መጽሐፌ መታተሙን አንድ ቃል ጣል አደረግኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር ሐሳቤ። ሊቀመንበራችን ብድግ ብሎ "እንግዲህ የራሳችን ሰው ነው፤ በስማችን ተራ እየተነሳን እንውሰድ!" አለ። እኔም ሳላፍር መዝገቡን እንደገና ገልጬ ስም መጥራት ጀመርኩ። አንድም ሰው አልቀረም። ነገ የሚቀብርህን እድር እምቢ ይባላል? ለእያንዳንዱ "በአክብሮት" ብዬ ፈረምኩለት። ቤቴ የገባሁት ክንፍ አውጥቼ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ይሉኝታ የሚለውን ቃል ስንቴ ለተማሪ ተርጉሜያለሁ! ለራሴ ግን አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዘነበች ያልተሸጡት መጽሐፎች ያሉባቸውን ካርቶኖች የጠረጴዛ ልብስ አልብሳ አበባ አስቀምጣባቸዋለች። "ቆመው ከሚቀሩ ቤት ያሳምሩ" አለችኝ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለችም። እውነቷን ነው።

ሲቀላ መጽሐፌን ወዳስቀመጥኩበት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጎራ አልኩ። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ፣ ከባዶ ካርቶን ሥር አገኘሁት። ሻጯ ዞር ስትል አንዱን ላጥ አድርጌ መስኮቱ ላይ አቆምኩት። ለማስመሰል እስክርቢቶ ገዝቼ ወጣሁ። ከውጭ በመስታወቱ ሳይ መልሳ ወደ ጀርባ ወሰደችው። አልተቆጣሁም፤ መስኮቱ የደብተር ቦታ ነው።

ለራሴ ሕግ አወጣሁ።

ቦርሳ ይዤ አልወጣም።

ማንንም "አነበብከው?" ብዬ አልጠይቅም። (ጎበዜን ስንቴ ጠየቅኩት? አንዴማ ልቅሶ ቤት፣ ንፍሮ እየበላን።)

ሰው ካላነሳው ስለ መጽሐፉ አላነሳም።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ማን ሊያነሳው?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ሕጌን ጠብቄያለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ አላለም። ይህም ድል ከተባለ ድል ነው።

ከሰዓት በኋላ ሴቻ ሰፈር ዳገቱ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አባያ ሐይቅን ሳይ ዋልኩ። ምን ፈልጌ ነው የጻፍኩት? ዝና አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ዝና ምን ይሠራልኛል? አባቴ ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ ቀረ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው። ይህን አገር ጽፌ አንድ የአገሩ ሰው "አዎ፣ እንዲህ ነው" እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። አንድ ሰው ይበቃኝ ነበር።

ያ ሰው ጎበዜ ነበር። የአሣ አጥማጁን ታሪክ መነሻ የሰጠኝ እሱ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር እሱ የሙዝ እርሻውን እያጠጣ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ስንት ከሰዓት አብረን አሳለፍን። መጽሐፉ ያቀራርበናል ስል ጭራሽ ወዳጄን አሳጣኝ። ባልጻፍኩት ኖሮ ዛሬ ድንጋዩ ላይ ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

የዘነበች የእህት ልጅ ሜሮን ተመረቀች። ድግሱ እኛ ግቢ ነበር። ጎበዜ አልመጣም፤ ስጦታ ግን ልኳል።

እንግዳው ሲሄድ ስጦታዎቹን ፈታን። ብርጭቆ። አንሶላ። የኔ መጽሐፍ። የግድግዳ ሰዓት። የኔ መጽሐፍ፣ እንደገና።

ሁለቱም ላይ የፈረምኩበት ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ በጥንቃቄ እንደተቆረጠ ያስታውቃል። ሜሮን ሳቋን አፍና "ጋሼ፣ ተፈላጊ ሆኗል ማለት እኮ ነው" አለችኝ። አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። የትኛው ስጦታ ከማን እንደሆነ አልተጻፈበትም። ከሁለቱ አንዱ የጎበዜ ቢሆንስ? ገጾቹን አገላበጥኩ። የሙዝ ጭማቂ የነካው፣ አፈር የነካው ገጽ ፈለግኩ። ሁለቱም እንዳዲስ ናቸው። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሜሮን ተከትላኝ መጣች። "ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቁት ይጨነቃል፣ ጋሼ። ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። የፈለገ ያያል፣ ያልፈለገ ያልፋል።"

እሑድ፣ ሐምሌ 13



እኔ ያለሁበት የቴሌግራም ግሩፕ የእድራችን ብቻ ነው። ከቅዳሴ መልስ የመጽሐፉን የጀርባ ሽፋን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ሽፋኑ ላይ በኮትና በከረባት የተነሳሁት ጥቁርና ነጭ ፎቶዬ አለ። ከሥሩ ልመና እንዳይመስል ተጠንቅቄ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ወዳጆቼ፣ ብዙ አስቸግሬያችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም። የጻፍኩትን ትቼላችሁ ሄጃለሁ።" ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ ምሳ ቀረብኩ።

በዚያ ግሩፕ ላይ በጸሐፊነቴ ከሞት ማስታወቂያ በቀር ሌላ ነገር ለጥፌ እንደማላውቅ ትዝ አላለኝም።

የዘነበች ስልክ ጮኸ። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነው። "እግዜር ያጥናሽ። ድንኳኑ አሁኑኑ ይምጣ ወይስ ዘመድ እስኪሰበሰብ?" ዘነበች ስልኩን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ጎመን እየጎረስኩ ነበር። ግሩፑን ብከፍተው "ነፍስ ይማር" ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አንዱ "ደግ ሰው ነበር፤ መጽሐፍም ጽፏል" ብሏል። ስለ መጽሐፌ ሰው ሳይጠየቅ ሲያነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ማስተባበያ ሳልጽፍ ከበር ዋይታ ተሰማ። ጎበዜ ነው። ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ነጠላው የተዘቀዘቀ፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ገባ። አየኝ። ደርቆ ቀረ።

"አለህ እንዴ?"

"አለሁ።"

ትከሻዬን በቡጢ መታኝ። በጋሞኛ ሰደበኝ፤ ግማሹ ገብቶኛል፣ ግማሹ ባይገባኝ ይሻላል። ከዚያ አቀፈኝና እንደ ሕፃን ተላቀስን። ዘነበች ውሃ አመጣችለት።

"አንተ ሰውዬ" አለ ሲረጋጋ፣ "ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? መጽሐፉን ሳልጨርስለት። ባየኸኝ ቁጥር አነበብከው፣ አነበብከው ትላለህ። እኔ አማርኛ ማንበብ ቶሎ አይሆንልኝም። ገና የአሣ አጥማጁ ጀልባ ጋ ነኝ። ምን ልበልህ? ፋርማሲ ገብቼ የማልውጠውን ኪኒን ገዛሁ።"

አንገቴን ደፋሁ።

"ደግሞ ብቻዬን አይደለም የማነበው። ለባለቤቴ በጋሞኛ እየተረጎምኩላት ነው። እዚያ ጀልባው ጋ ስንደርስ አስቆመችኝ። ወንድሙ ማዶ ቆሞ እየጠበቀው ሰውዬው ለምን ከሐይቁ መሃል ተመለሰ ትላለች። ይኼው ሦስት ቀን። ሂድና ጠይቀው ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ካንተ እየሸሸሁ ነው።"

ውሃ ጨምሬ ቀዳሁለት። እውነቱን ለጎበዜ አልነገርኩትም፤ እዚህ ልጻፈው። አሣ አጥማጁን ከመሃል የመለስኩት ማዶ ካደረስኩት በኋላ ወንድማማቾቹ ምን እንደሚባባሉ ስላላወቅኩ ነው። ማንም ልብ አይለውም ብዬ ዘለልኩት። ደግሞም ማንም ልብ አላለውም ነበር።

"በሚቀጥለው እሑድ ቤት ናና ራስህ ንገራት። ቦርሳህን ተወው" አለኝ ጎበዜ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረና "ሰዓቱን ልጅቷ ወደደችው?" ሲለኝ እንደገና እንባዬ መጣ።

ግሩፑ ላይ "አለሁ፣ ስሕተት ነው" ብዬ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ብቻ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ስለ መጽሐፉ የጠየቀ የለም፤ የሚጠይቅም አይመስለኝም። ካርቶኖቹ የጠረጴዛ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው፣ እዚያው ይኖራሉ።

ሴትዮዋ ግን መልስ ትጠብቃለች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አሰብኩ። ሰውዬው ለምን ተመለሰ? አላውቅም። እስከ እሑድ ካላገኘሁት ፋርማሲ የምገባው እኔ ነኝ።