የቀረንበት ምክንያት

ለተከበርሽው አማካሪያችን፣

የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? ወልቂጤ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ። እኔ አልሀምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

የምጽፍልሽ ሳንነግርሽ ከቀጠሮሽ በመቅረታችን ራስሽን እንዳትወቅሺ ነው። ባለቤቴ ሀቢቡ ስትደውዪለት ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳለሽ አውቃለሁ። ምን ሥራ አለው? ሱቁን ከዘጋ ሰነበተ።

መጀመሪያ ስንመጣ እየጎተትኩት ነበር። ቡታጅራ ሰው ያየናል ብሎ ነው ወልቂጤ ድረስ የመጣነው። ልጃችን ባሂራ ከሞተች ወዲህ አንድ ቤት እየኖርን አንነጋገርም ነበር። ቶሎ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስልህ ለምን እምቢ አልከኝ ብዬ ጠየቅኩት፤ በዚያው ዝም አለ። በቀብሯ ቀን እንኳ ያላለቀሰ ሰው፣ አንቺ ፊት አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ለቀጠሮሽ ሸሚዙን ማስተኮስ ጀመረ። ከጓሮ አቮካዶ እየመረጠ በፌስታል ይይዝልሻል። ልጅቷ ምሳ የምትበላ አትመስልም ይለኛል መንገድ ላይ። ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ፈራሁ። ባሂራ እኩያሽ ነበረች፤ ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ የምትሸፍኚው ነገር ደግሞ ቁርጥ እሷን ነው።

የመጨረሻው ቀን ትዝ ይልሻል? ሳቅ ብለሽ፣ "አባባ፣ አሁንማ ጥያቄዋን ይመልሱላት እንጂ" አልሽው። "እሺ ባሂራዬ" አለሽ። አንቺም በትሕትና ስምሽን ነገርሽው። ሌላ ምን ልትዪው ኖሯል? እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ መልሱን ሳይሰጠኝ ወጣን።

አገና ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪጭን ቁጭ ብለን፣ "ሁለተኛ አልሄድም" አለኝ። ለምን አልኩት። "ከእሷ ዘንድ በወጣሁ ቁጥር ቀብሬያት የምመለስ ይመስለኛል። ስንቴ ልቅበራት?" አለኝ።

አሁን አረቅጥ፣ ወንድሙ ዘንድ ነው። ሽማግሌዎች ልኬበት እንደማይመለስ ነግረውኛል። አልረገምኩትም። ያኔ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስለው እምቢ ያለበትን ምክንያት ግን ሳልሰማ ቀረሁ።

አደራሽን፣ ለእሱ አትደውዪለት። ድምፅሽን ከሰማ፣ አንቺ ከዘጋሽም በኋላ ስልኩን ከጆሮው አያወርደውም ነበር። የእኔ ቁጥር ግን ያው ነው፤ አልቀየርኩትም። በዚህ ዝናብ ነጠላ ጫማ አድርገሽ አትውጪ፤ ብርድ ከእግር ነው የሚገባው። አላህ ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥሽ። ወላጆችሽን ክፉሽን አያሳያቸው።

እናትሽ