አረንጓዴው መጣፊያ

ረቡዕ

ዛሬም ስለ ድንኳኑ ተጨቃጨቅን። ጋሽ ይመር የቀባሪ ማኅበራችን፣ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው፤ የለቅሶ ድንኳኑን ከልጃቸው እኩል ነው የሚሳሱለት። የሥዕል ትርኢታችን ቅዳሜ ነው። አዳራሽ አጣን፤ የመርሳ ፀሐይ ደግሞ ለሥዕል አይራራም። ስንት ጊዜ ደጅ ስጠናቸው ከርሜ ዛሬ ተረቱልኝ።

"ውሰጂው። ሰው ከሞተ ግን ይነቀላል፤ ያኔ እንዳትቀየሚኝ" አሉ።

እሺ አልኳቸው። ሞት ቀጠሮዬን የት ያውቀዋል ብዬ።

የቀሩኝን ገጾች ጻፍኩ። ልማዴ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ስለ ሠዓሊው አንድ ገጽ እለጥፋለሁ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ እንዴት እንደጀመረ። ሥዕሉ ያልገባው ሰው ቢያንስ ሰውየውን ያውቀዋል።

ሐሙስ

ድንኳኑ ተተከለ። ከድር ሥዕሎቹን በሚኒባስ አናት ጭኖ ከወልድያ መጣ። ድሮ ሥዕል አብረን ነው የጀመርነው፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፣ ሲመሽለት ይስላል። ገመድ ስንወጥር የግራና ከተማ ገበያ ትዝ አለን። በልጅነታችን ሥዕሎቻችንን እዚያ በገመድ ላይ እናሰጣ ነበር። አንዱ ሽንኩርት ሻጭ የከድርን ሥዕል ዳበስ ዳበስ አደረገና "በክንድ ስንት ነው?" አለው። ከድር እስከ ዛሬ ይስቃል። እኔ ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ስንት ነበርን ያኔ! ግማሹ ዓረብ አገር፣ ግማሹ አዲስ አበባ፣ አፈር የቀመሰም አለ። ናፈቀኝ ያ ጊዜ፤ ረሃቡ ሳይቀር።

አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። መግቢያው አጠገብ የነበረው ቀዳዳ ተጥፏል። ነጭ ሸራ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ! ስፌቱ ደግሞ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። የትኛው ግድ የለሽ ነው የሰፋው? የከድርን ትልቁን ሥዕል ሰቅለን ሸፈንነው።

ዓርብ

ጋሽ ይመር ሞቱ። ንጋት ላይ ለሱብሂ ሊሰግዱ፣ እጅ እግራቸውን እየታጠቡ ውዱእ ሲያደርጉ ወደቁ አሉ። ከጁምዓ በኋላ ተቀበሩ።

እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ከሰው ሁሉ እሳቸው? ከቀን ሁሉ ዛሬ? ከዚያ አፈርኩ።

ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ቤታቸው ሄደ። ሥዕሎቹ አሁን አልጋዬ ላይ ናቸው። ከድር "እንግዲህ ይቅር?" አለኝ። ዘንድሮ ከቀረ እነዚህን ሠዓሊዎች ዳግም የምሰበስብበት ጉልበት ያለኝ አይመስለኝም።

ቅዳሜ

ትርኢቱ በሚከፈትበት ቀን ለቅሶ ዋልኩ። እቤት ውስጥ፣ ከጋሽ ይመር ባለቤት ከእትዬ ፋጡማ አጠገብ ተቀመጥኩ። "አላህ ሶብሩን ይስጥዎት" አልኳቸው። በበሩ በኩል ድንኳኑን እያዩ፣

"ሽርጡ እኮ ነው" አሉኝ።

አልገባኝም።

"ያ አረንጓዴው። ረቡዕ ማታ፣ ነገ ልስፋልህ ስለው እምቢ አለኝ። ፀሐይ በቀዳዳው ገብታ የልጆቹን ሥዕል ታበላሻለች ብሎ፣ ሽርጡን ቀዶ ራሱ ሰፋው። መርፌ ይዞ የሚያውቅ ሰው አይደለም።"

አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት ነውና ማንንም አልገረመም።

እሑድ

ማታ የቅሬው ሰዎች ድንኳኑን ነቅለው ወደ ማስቀመጫው ሊወስዱት ሲሉ እትዬ ፋጡማ ከውስጥ ሆነው አስቆሟቸው። "ቃል ሰጥቶ ነው የሞተ። መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይሂድ" አሉ። ማንም አልተከራከረም። ጎረምሶቹ ተሸክመው አመጡልኝ።

ሰኞ

ከፈትን። ከድር ትልቁን ሥዕል ይዞ ወደ መግቢያው ሲሄድ፣ ሌላ ቦታ ስቀለው አልኩት። መጣፊያው እንዳለ ቀረ። ከሥሩ እንደሌሎቹ አንድ ገጽ ለጠፍኩ። የማን ልጅ እንደነበሩ፣ እንዴት እንደጀመሩ። የመጀመሪያም የመጨረሻም ሥራቸው ይህ እንደሆነ።

ሰው መጣ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም መጣ። ከሐራ የመጣ አንድ አዛውንት ገበሬ እያንዳንዱን ገጽ ልጁን አስነበበ።

እትዬ ፋጡማ በባል ሐዘን ኢዳ ላይ ናቸው፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አይወጡም። ስለዚህ ሲመሽ ገጹን ይዤላቸው ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

"ስፌቱ ጠማማ ነው ብለሽ ጽፈሻል?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ደግ አደረግሽ። ጠማማ ነው" አሉና ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ገጹን ትራሳቸው ሥር አስቀመጡት። ለከርሞ ድንኳኑን ማን እንደሚሰጠኝ አላውቅም።