ሰው የሌለበት ሥዕል

ውቤ የኔ ቆንጆ፣ የዚህች የድንበር ከተማ የኮኪት ሙቀት እንኳን ሰሊጡን እኔንም አድርቆኛል። ያረፍኩት ባለሱቋ እማማ ዘሀቢያ ቤት ነው። እሳቸው በእምነታቸው የተነሳ ሰውም እንስሳም ያለበት ሥዕል ቤታቸው አይሰቅሉም። ያንቺን ሥዕል ቅጂ ስሰጣቸው ግን ራሳቸው ሚስማር መትተው ከአልጋቸው ፊት ለፊት ሰቀሉት። ያንን ቀይና ጥቁሩ የተዘበራረቀውን! እዚያ ጎንደር «ሰው እንኳ የለበትም፣ ምኑ ነው ሥዕል?» እያሉ ያስለቀሱሽን! እማማ ምንድን ነው ብለው አልጠየቁኝም። አይተው አይተው፣ «ልጄ አሚን ከጦርነቱ አምልጦ ከሱዳን እስኪገባ ድረስ ሆዴ እንዲህ ነበር» አሉኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ብሩሽሽንም አንሺ፤ እማማ «አሚን የገባ ዕለት የነበረውን ሆዴንም ትሳልልኝ» ብለውሻል።

ያንቺው ሰርካለም