የሀረገወይን ሾርባ

ሚያዝያ 19
እሑድ። ከቤተክርስቲያን መልስ ምሳ በላን። በላን ማለት እኔና ዘነበ። የእሱ ልጅ ኢየሩስ እንደ ልማዷ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ገባች፤ ሳህኑም እንደ ልማዱ ሳይነካ ተመለሰ። ዶሮ እኮ ነበር…

አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ስንት ዓመት ምግብ አብስዬ፣ ስንቱን ባለሥልጣን አብልቼ፣ ለአንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚጥም ነገር ይጥፋኝ? እኔው በራሴ አፈርኩ።

ዘነበ ዶሮውን እየበላ አመለጠው። «ሀረግ ታኮ ሱፕ ስትሠራ ግን ኢየሩስ ድስቱን ትልስ ነበር።» ከዚያ አፉን ያዘ። እኔን አየ፣ የልጅቷን በር አየ። የኢየሩስ እናት ሀረገወይን ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ እኔ ዘነበን አግብቼ አሜሪካ የመጣሁት ደግሞ መስከረም ላይ ነው። እስከ ዛሬ ስሟን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። ምን ታደርገኛለች ብሎ ነው?

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ሾርባ ነው። የተፈጨ ሥጋ አለው፣ በቆሎ አለው… ወፈር ያለ፣ ክሬም ክሬም የሚል።»

ወንድ ስለ ምግብ ሲያስረዳ ይኸው ነው።

ሚያዝያ 21
እትዬ ጥሩዬ ከኦክላንድ ደወሉ። የዘነበ ታላቅ እህት ናቸው። «አይናዲስዬ፣ ለኢየሩስ ክፍሉን ፔይንት አስደርጌዋለሁ። ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ እወስዳታለሁ» አሉኝ፣ የማውቅ መስሏቸው።

ለካ ነገሩ አልቋል። ልጅቷ ራሷ ናት እሳቸው ጋ ልኑር ያለችው። ዘነበም እሺ ብሏል። ለእኔ የነገረኝ የለም።

ማታ ከወደብ ሲመለስ ጠየቅኩት። ቀኑን ሙሉ በከባድ መኪና ኮንቴይነር ሲጎትት ውሎ ዓይኑ ቀልቷል። «እዚህ ደስ ካላላት ምን ላድርግ? አስሬ አላስቀራት» አለ። እንባው መጣ። ልቆጣው ነበር፣ ተውኩት።

ልጅቷ ከሄደች እሱ ይሰበራል። እኔስ? ልጅ ከአባቷ ቤት ያስወጣች የእንጀራ እናት፣ ልክ እንደ ተረቱ። እኔ እኮ ምንም ክፉ አላደረግኩም… ደግ ነገርስ ምን አደረግኩ?

ሚያዝያ 26
ሾርባ ልሠራ ተነስቼ ወጥ ሠራሁ።

ምን ላድርግ፣ እጄ ሌላ አያውቅም። ሽንኩርቱን አድቅቄ ከተፍኩ፣ ያለ ዘይት እስኪጠፋ አቁላላሁ፣ ሥጋውን ጨመርኩ፣ ሳላስበው በርበሬውም ገባ። ነቃ ስል ቤቱ ፋሲካ ፋሲካ ይሸታል። በቆሎ ያለበት ምንቸት አብሽ።

ኢየሩስ ክዳኑን አንስታ አየች። «ወጥ?» አለችና መልሳ ከደነችው። ዘነበ በእንጀራ ሦስቴ ጨምሮ በላና «ቁርጥ ታኮ ሱፕ» አለ። ውሸታም። ደስ አለኝ እንጂ።

ይሄን ኩሽና ግን ማን ነው ያደራጀው? ጭልፋው ከምድጃው በስተግራ፣ ቢላው በስተግራ፣ ጨውና ቅመሙ በስተግራ። እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ባዶ እጨብጣለሁ። ላስተካክለው አስባለሁ፣ ደግሞ የሰው ዕቃ እንደነካሁ ይሰማኛል።

ግንቦት 3
እትዬ ጥሩዬ «ክሪም ቺዝ ጣል አድርጊበት፣ እሱ ነው ሚስጥሩ» ብለውኝ ያንን የሚቀባ የፈረንጅ አይብ ጣል አደረግኩበት። ተበጣጥሶ የአገር ቤት አይብ ሆኖ ቁጭ አለ። እንኳን ልጅቷ ዘነበም አልዋሸልኝም።

ደወልኩላቸው። «ሀረገወይን እንዴት ነበር የምታደርገው? ኢየሩስን ልጠይቃት እንዴ?»

«ምን ቆርጦሽ!» አሉ። «ቁስሏን አትነካኪባት። እኔ የሀረግን ፎቶዎች ሁሉ ያወረድኩት ለምን ይመስልሻል? ላንቺም ለልጅቷም ብዬ ነው።»

ፎቶ? ሳሎን ግድግዳ ላይ ባዶ ምስማሮች አሉ። ስዕል ሊሰቅሉ አስበው የተዉት ነበር የመሰለኝ። ስምንት ወር ሙሉ በእነሱ ሥር ተቀምጬ ቴሌቪዥን አያለሁ።

ለእኔ ተብሎ… ማን ጠየቃቸው?

ግንቦት 5
ጋራዡ ውስጥ፣ ከክረምት ብርድ ልብሶች ሥር ፎቶዎቹን አገኘኋቸው። ብቻዬን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ቆንጆ ናት። የያዘኝ ግን ቁንጅናዋ ሳይሆን አንዱ ፎቶ ነው። ኩሽና ውስጥ፣ ፓሎ አልቶ ከተማ የምትሠራበትን ሆስፒታል የሥራ ልብስ እንደለበሰች፣ ድስት እያማሰለች ወደ ካሜራው ዞራ ትስቃለች። ጭልፋውን የያዘችው በግራ እጇ ነው።

ግራኝ ናት ለካ። ተነስቼ ኩሽና ገባሁና ምድጃው ፊት ቆምኩ፣ በግራ እጄ ለመሥራት ሞከርኩ። ሁሉም ነገር እጅ ላይ ይመጣል። አንድ እርምጃ መንቀሳቀስ አያስፈልግም። እኔ ሆቴል ቤት ያየሁት ሼፍ ሁሉ ኩሽናውን እንዲህ አላሰበበትም። ሌሊት ሥራ አድራ የምትመጣ ሴት ድካሟን እንዲህ ትቆጥባለች። እኔ ደግሞ ዝርክርክ ናት እያልኩ ሳማት ከረምኩ።

ፎቶውን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ዘነበ ሲገባ አየው፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሄዶ እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። ኢየሩስ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ እፊቱ ቆመች። እኔን አላየችኝም። የማታው ሳህን ግማሹ ተበልቶ ተመለሰ።

ግንቦት 9
ጠየቅኳት። እትዬ ጥሩዬ ይቀየሙ።

ቅዳሜ ነው፣ ውኃ ልትቀዳ ኩሽና ገባች። ወደ ድስቱ እያየሁ፣ «እናትሽ ክሬሙን እንዴት ነበር የምታደርገው?» አልኳት።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አበላሸሁት አልኩ በሆዴ። ከዚያ «ክሬም አይደለም» አለች በእንግሊዝኛ። «ቦሎቄ ነው።» ወንበር ጎትታ ላዩ ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ብሌንደሩን አወረደች። «እዚህ ውስጥ ትፈጨው ነበር።»

«ለምን?»

«ትንሽ ሆኜ ቦሎቄ አልበላም ነበር። ስለዚህ ትደብቀዋለች።»

«አንቺ አታውቂም ነበር?»

«ብሌንደር እኮ ነው» አለች። «ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ዝም አልኳት። ያልነቃሁባት ሲመስላት በጣም ደስ ይላታል።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና የቦሎቄ ቆርቆሮ መክፈት ጀመረች። አላቀፍኳትም። ማቀፍ ፈለግኩ፣ ግን ሥራ ላይ ነበረች።

እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ሽንኩርቱ ነጣ ነጣ እንዳለ ይተዋል (ማቁላላት የለም!)፣ ሥጋው፣ ቲማቲሙ፣ በቆሎው፣ ከሙኑ ይገባል። ቦሎቄው ከነውኃው ተፈጭቶ ይጨመራል፣ ያኔ ሾርባው ወፈር፣ ለስለስ ይላል። ክሪም ቺዙ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፣ ትንሽ ብቻ። እሳቱ ላይ እያለ ነበር ለካ እኔ የጣልኩት። ከላይ የበቆሎ ቺፕስ ይፈረፈራል።

ቀመሰች። «ጨው» አለች። ጨመርኩ። እምድጃው ሥር ቆማ ሁለት ሳህን በላች።

ስለ ሀረገወይን ማሰብ አልተውኩም። እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ልጇን እያታለለች ስታበላ። ልጅቷም እናቷን እያታለለች ስትበላ። እንዲህ ያለች ሴት ባውቃት ደስ ባለኝ። ጓደኛዬ ትሆን ነበር። ምናልባት ኩሽና ላይ እንጣላ ነበር፣ ግን ጓደኛዬ ትሆን ነበር።

ግንቦት 13
ዛሬ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ አልገባችም። ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ዘነበ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

ግንቦት 20
ትምህርት ሊዘጋ ነው። ክፍሏ ወለል ላይ ሻንጣ ተከፍቶ አየሁ። ባዶ ነው፣ ግን ተከፍቷል።

አትሂጂ ልበላት? በምን መብቴ? ቆዪ ብላት የእናትሽን ቦታ ስጪኝ ያልኳት እንዳይመስላት እፈራለሁ። ዘነበን አንተ ንገራት አልኩት፣ እሱ ደግሞ «አንቺን ነው የምትሰማሽ» ይለኛል። ሁለት ፈሪዎች።

ሀረገወይን በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? የሆነ ዘዴ አታጣም። እኔ ዘዴ የለኝም። እሑድ ሾርባውን እሠራለሁ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ግንቦት 24
እትዬ ጥሩዬ ባዶ ካርቶኖች ይዘው መጡ። ገና ሲገቡ ፎቶውን አዩ። እኔን አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና ተቀመጡ።

ጠዋት ኢየሩስ ናት ቦሎቄውን የፈጨችው። እትዬ ጥሩዬ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የሀረግ እጅ ነው። ቁርጥ የሷ።»

ኢየሩስ ቀና አለች። «አይደለም» አለች። «የእማዬ ይበልጣል።»

ዘነበ ሳል ያዘው። እኔ ግን አልከፋኝም። እውነቷን ነው፣ ሳልቀምሰውም አምናታለሁ።

«ይሄ የእኔና የአይናዲስ ነው» አለች ቀጥላ።

እትዬ ጥሩዬ «እሺ የኔ ልጅ። ታዲያ ሻንጣሽ አለቀ?» አሏት።

«አልሄድም።» ይሄንንም እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። ማንኪያዋን አላቆመችም። ዘነበ ግን አቆመ።

«ክፍሉንስ ምን ላድርገው? ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያስቀባሁት።»

«እኔና አይናዲስ ለዊኬንድ ስንመጣ እናድርበታለን።»

«ያለው አንድ አልጋ ነው» አሉ፣ እያፈራረቁ እኔንም እሷንም እያዩ። «ደግሞ ጠባብ ነው፤ ለሁለት አይበቃም።»

«ይበቃናል» አለች ኢየሩስ። በአማርኛ።

ተነስቼ ኩሽና ገባሁ። ኩሽና የሚያስገባኝ ሥራ አልነበረኝም።